የተውሶ ቡድን አይደለም፦ በኬፕ ቨርዴ ላይ ለተጻፈው ትችት የተሰጠ ምላሽ

ኬፕ ቨርዴ ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ካለፈች ወዲህ ስለ እሷ በአማርኛ የተጻፈው በአብዛኛው አድናቆት ነው። ሰሞኑን ግን አድናቆቱን በሙሉ የዋህነት አድርጎ የሚቆጥር አንድ ጽሑፍ ወጥቶ ብዙ አንባቢ አገኘ። የጸሐፊውን ስም አላነሳም። ብዕራቸው ጥሩ ነው፤ ችግሩ ያለው ማስረጃቸው ላይ ነው። የሚሉት ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ደሴቲቱ አገር ያለፈችው የተሳታፊዎች ቁጥር ወደ 48 ስላደገ ነው፤ ምድቧ ቀላል ነበር፤ ቡድኑ አውሮፓ የተወለዱ ልጆች ባንዲራ ተውሰው የሚጫወቱበት ስብስብ ነው፤ እኛን በ10 ተጫዋች እንኳ ከ1 ለ 0 በላይ ማሸነፍ ያቃተው ቡድን ነው፤ አሜሪካ ሲደርስ መሳቂያ ይሆናል። መደምደሚያቸው ደግሞ ኢትዮጵያም ከዋሽንግተንና ከስቶክሆልም ልጆቿን ሰብስባ ያንኑ አቋራጭ ትያዝ የሚል ነው።

ጽሑፉን አንብቤ ስጨርስ ከሁሉ በፊት የገረመኝ ይህ መደምደሚያ ነው። ውጭ የተወለዱ ልጆች የሚጫወቱበትን ቡድን ሲያጥላሉ ቆይተው በመጨረሻው አንቀጽ እኛም እንዲሁ እናድርግ ይላሉ። ነውር ከሆነ ለእኛም ነውር ነው፤ ብልሃት ከሆነ ደግሞ ስድቡ ለምን አስፈለገ? ለማንኛውም ወደ ነጥቦቹ ልግባ። በተለየ ካልገለጽኩ በቀር ዓመታቱን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የ48ቱ ነገር እውነት አለበት። ቀድሞ አፍሪካ 5 ቀጥተኛ ቦታ ነበራት፤ አሁን 9 ሆኗል። ጸሐፊው ያልነገሩን ዘጠኙ ቦታዎች የዘጠኙ ምድቦች አንደኞች ብቻ መሆናቸውን ነው። ሁለተኛ የወጣ በቀጥታ አያልፍም። በኬፕ ቨርዴ ምድብ ሁለተኛ የወጣችው ካሜሩን ናት፤ በማሟያው ጨዋታ በዲሞክራቲክ ኮንጎ ተሸንፋ ቀረች። ናይጄሪያም በራሷ ምድብ ሁለተኛ ሆና፣ በማሟያው እስከ መጨረሻው ጨዋታ ደርሳ፣ በዚያችው ኮንጎ በመለያ ምት ወደቀች። በሩ የሰፋው ለሁሉም እኩል ነው። ከአፍሪካ የሚስተካከላት በሌለበት ሁኔታ በ8 የዓለም ዋንጫዎች የተሳተፈችው ካሜሩን በሰፊው በር መግባት ካቃታት፣ የበሩ ስፋት ብቻውን የኬፕ ቨርዴን ማለፍ አያስረዳም።

ደግሞም ደሴተኞቹ በሩ ሳይሰፋም ደጃፉ ላይ ነበሩ። ለኳታሩ የዓለም ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ከናይጄሪያ ጋር ተመድበው እስከ መጨረሻው ጨዋታ ድረስ ተስፋቸው አልሞተም ነበር። በኖቬምበር 2021 ሌጎስ ላይ ቢያሸንፉ ኖሮ ምድቡን በአንደኝነት ይጨርሱ ነበር፤ 1 ለ 1 ወጡና ናይጄሪያ በ13፣ እነሱ በ11 ነጥብ ጨረሱ።

የ2013ቱ ታሪክ ከዚህም ይልቃል፤ እኛንም ስለሚነካ ትንሽ ልቆይበት። ሴፕቴምበር 7 ቀን 2013 ኬፕ ቨርዴ ቱኒዚያን በገዛ ሜዳዋ 2 ለ 0 አሸንፋ ምድቧን መራች። ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ የቀራት አንድ ደርሶ መልስ ብቻ ነበር። በዚያችው ቀን ዋልያዎቹ ብራዛቪል ላይ ማዕከላዊ አፍሪካን 2 ለ 1 ረትተው የራሳቸውን ምድብ በአንደኝነት ጨረሱ። ሁለቱም ቡድኖች ግን አንድ ዓይነት ጥፋት ሠርተው ነበር። እኛ ቦትስዋና ላይ በሁለት ቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች አሰልፈን 3 ነጥብ ተቀንሶብናል፤ የሰበሰብነው ነጥብ ቅጣቱን ስለቻለው ተረፍን። የእነሱ ጥፋት የተገኘው በመጨረሻው ጨዋታ ላይ ነው። ተከላካያቸው ፈርናንዶ ቫሬላ በማርች ወር ከኢኳቶሪያል ጊኒ ጋር ሲጫወቱ ያየው ቀይ ካርድ ያስከተለበትን እገዳ ሳይጨርስ ቱኒዚያ ላይ ተሰልፎ ነበር። ፊፋ ውጤቱን ሰርዞ ለቱኒዚያ 3 ለ 0 ፈረደ፤ ሜዳ ላይ ያሸነፈው ቡድን ከማጣሪያው ወጣ።

እኛ ከናይጄሪያ ጋር ደርሶ መልስ ተጫውተን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ከዚያ ወዲህ ዋልያዎቹ ወደዚያ የመጨረሻ ዙር አልተመለሱም። በወረቀት ሥራ ስህተት የወደቀው ቡድን ግን ከ12 ዓመት በኋላ ያቋረጠውን መንገድ ጨረሰው። ጸሐፊው ይህን ሁሉ ዘለው የ2025ቱን ማለፍ ብቻ ከሰማይ እንደወረደ ነገር ማቅረባቸው ትክክል አይደለም።

ምድቡ ቀላል ነበር ለሚለው ብዙ ቀለም አላጠፋም። 10 ጨዋታ፣ 7 ድል፣ 2 አቻ፣ 1 ሽንፈት፣ 23 ነጥብ፤ ካሜሩን 19። ሽንፈቱ ያውንዴ ላይ 4 ለ 1 ነው፤ መራራ ነበር። ከ15 ወር በኋላ በዋና ከተማቸው ፕራያ ላይ በዳይሎን ሊቭራሜንቶ ጎል 1 ለ 0 መለሱት። ትሪፖሊ ላይ ሊቢያ 3 ለ 1 ስትመራቸው ቆይታ 3 ለ 3 ወጥተዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ ኬፕ ቨርዴ በሜዳዋ ባደረገቻቸው 5 የማጣሪያ ጨዋታዎች አንድም ጎል አልተቆጠረባትም። አንጎላ፣ ሊቢያ፣ ሞሪሺየስ፣ ካሜሩንና ኤስዋቲኒ ፕራያ ደርሰው መረብ ሳይነኩ ተመለሱ። ይህን እንደያዛችሁ ቆዩኝ፤ ስለ ሜዳ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ስድብ። ‹‹የተውሶ›› የሚለው ቃል ጽሑፉ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል። ጸሐፊው ተጫዋቾቹ የተወለዱበትን ከተማ ቆጥረዋል፤ ሮተርዳም፣ ሊዝበን፣ ፓሪስ፣ ደብሊን። ያልጠየቁት ግን የእነዚህ ልጆች አባቶችና አያቶች ለምን እዚያ እንደተገኙ ነው። ኬፕ ቨርዴ ዝናብ የማይበረክትባት አገር ናት። በፖርቱጋል አገዛዝ ዘመን ድርቅ በመጣ ቁጥር ሕዝቡ ያልቅ ነበር፤ በ1940ዎቹ ብቻ በተከታታይ በመታው ረሃብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል። የተረፈው ተሰደደ። ከፊሉ በውል ጉልበት ወደ ሳኦ ቶሜ የካካዎ እርሻዎች ተወሰደ። ከፊሉ በዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከቦች ተቀጥሮ ማሳቹሴትስ ውስጥ ኒው ቤድፎርድ ደረሰ። መርከበኛ የሆነው ሮተርዳም ወደብ ቀረ፤ ግንበኛ የሆነው ሊዝበን ሰፈረ። ዛሬ በደሴቶቹ የሚኖረው ሕዝብ ከግማሽ ሚሊዮን ጥቂት የሚያልፍ ሲሆን በውጭ ያለው ተወላጅ ከዚያ ይበልጣል።

አገሪቱም ይህን እውነታ ገንዘቡን ብቻ ፈልጋ አልተቀበለችውም። ሕጓ ጥምር ዜግነት ይፈቅዳል፤ ዜግነት ከወላጅም ከአያትም ይወረሳል። ከ72ቱ የምክር ቤት መቀመጫዎች 6ቱን የሚመርጡት ውጭ የሚኖሩ ዜጎች ናቸው። በምክር ቤቱ ውክልና ያለው ሕዝብ በብሔራዊ ቡድኑ ውስጥ ሲገኝ ተውሶ የሚባለው በምን ሒሳብ ነው?

ተውሶ ካልን ደግሞ ታሪኩ ለረጅም ጊዜ በተቃራኒው አቅጣጫ ነበር የሚሄደው። ስዊድን በ1994 የዓለም ዋንጫ ሦስተኛ ስትወጣ ከአጥቂዎቿ አንዱ የነበረው ሄንሪክ ላርሰን አባቱ የኬፕ ቨርዴ ሰው ነው። በ1998 ከፈረንሳይ ጋር ዋንጫ ያነሳው ፓትሪክ ቪየራ በእናቱ በኩል የዚያው አገር ዘር አለው። ሳኦ ቪሴንቴ ደሴት የተወለደው ሮላንዶ እና ፕራያ የተወለደው ጌልሰን ማርቲንስ የፖርቱጋልን ማሊያ ለብሰዋል። የስዊድን ነሐስ የተውሶ ነው ብሎ የጻፈ አላየሁም። የደሃ አገር ልጅ ለሀብታም ሲጫወት ተሰጥኦ፣ የስደተኛ ልጅ ወደ አባቱ አገር ሲመለስ ተውሶ ማለት ሚዛኑን የጠበቀ ፍርድ አይደለም።

የቡድኑ የጀርባ አጥንትም ቢሆን ከደሴቶቹ የወጣ ነው። አሰልጣኙ ቡቢስታ የቦአ ቪስታ ደሴት ልጅ፣ የቀድሞ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ነው፤ በኖቬምበር 2025 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ብሎታል። የ39 ዓመቱ ግብ ጠባቂ ቮዚንያ የሚንዴሎ ልጅ ሲሆን በ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫም በሩን የጠበቀው እሱ ነው። ከዚያ ቡድን እስካሁን የዘለቀው ሌላው አምበሉ ራያን ሜንዴስ ነው። ኦክቶበር 13 ቀን 2025 ኤስዋቲኒን 3 ለ 0 አሸንፈው ማለፋቸውን ሲያረጋግጡ በጭማሪ ሰዓት ሦስተኛውን ጎል ያስቆጠረው ተቀይሮ የገባው የ37 ዓመቱ ስቶፒራ ነበር፤ የፕራያ ልጅ።

ከውጭ የመጡትስ እንዴት መጡ? የተከላካዩን የሮቤርቶ ሎፔስን ነገር እንውሰድ፤ ‹‹ፒኮ›› ይሉታል። የተወለደው ደብሊን ነው፤ አባቱ የኬፕ ቨርዴ ሰው፣ እናቱ አየርላንዳዊት ናት። የሚጫወተው ለሻምሮክ ሮቨርስ ነው፤ ቀደም ሲል ባንክ ውስጥ ይሠራ ነበር። በዚያን ጊዜ የቡድኑ አሰልጣኝ የነበሩት ሩይ አጉዋስ በሊንክድኢን በፖርቱጋልኛ መልእክት ላኩለት። ቋንቋውን ስለማያውቅ የማጭበርበሪያ መልእክት መስሎት ተወው። ከወራት በኋላ አሰልጣኙ ደግመው በእንግሊዝኛ ጻፉለት፤ የመጀመሪያውን መልእክት አስተርጉሞ ሲያነበው የብሔራዊ ቡድን ጥሪ ሆኖ አገኘው። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ለሳቅ ያወራዋል። እኔ የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው፤ መልስ ያላገኘን ደብዳቤ ተከታትሎ ሁለተኛ የሚጽፍ የእግር ኳስ አመራር። በአየርላንድ ሊግ የሚጫወት፣ ማንም ያልጠየቀውን ተከላካይ አንድ በአንድ መፈለግ አቋራጭ አይባልም። ልፋት ነው።

በካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ እኛና እነሱ ያውንዴ ላይ የተገናኘንበትን ጨዋታ ጸሐፊው እንደ መፎካከሪያ ያነሱታል። ጃንዋሪ 9 ቀን 2022 ነበር። ተከላካያችን ገና በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጣ፤ የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ጁሊዮ ታቫሬስ በግንባር አስቆጠረ፤ 1 ለ 0 አለቀ። ልጆቻችን በጎዶሎ ሰው ያሳዩት ጽናት የሚያስመሰግን ነው፤ ይህን አልክድም። ግን ከአንድ ጨዋታ ተነሥቶ እኩል ነን ማለት ቀሪውን የምድቡን ሰንጠረዥ መደበቅ ነው። አስተናጋጇ ካሜሩን እኛን 4 ለ 1 ስታሸንፍ ከእነሱ ጋር 1 ለ 1 ወጣች። እኛ በ1 ነጥብ ተመለስን፣ እነሱ ወደ ጥሎ ማለፉ ገቡ። ጥሎ ማለፉ ላይ ሁለት ቀይ ካርድ አይተው በሴኔጋል 2 ለ 0 የተሸነፉ መሆናቸውንም ልጨምር፤ ዋንጫውን የወሰደችው ሴኔጋል ናት።

ማነጻጸር ካስፈለገ ከ2013 ይጀመር። በደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ዋንጫ እኛ ከ31 ዓመት በኋላ ተመልሰን፣ እነሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ገብተው ነበር። ለመግባት ካሜሩንን በደርሶ መልስ ጥለዋል፤ ፕራያ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈው ያውንዴ ላይ 2 ለ 1 ተሸነፉ። አሰልጣኛቸው ሉሲዮ አንቱኔስ ሙያው የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪነት ነበር። ከአስተናጋጇ ጋር 0 ለ 0፣ ከሞሮኮ ጋር 1 ለ 1፣ አንጎላን 2 ለ 1፤ ሩብ ፍጻሜ ላይ በጋና ቆሙ። በ2024 መጀመሪያ ኮትዲቯር ላይ ደግሞ ጋናን 2 ለ 1፣ ሞዛምቢክን 3 ለ 0 አሸንፈው ከግብፅ ጋር 2 ለ 2 ወጡ፤ ሞሪታኒያን ጥለው ሩብ ፍጻሜ ላይ ደቡብ አፍሪካን ገጠሙ። 0 ለ 0 ሆነና በመለያ ምት የደቡብ አፍሪካው ግብ ጠባቂ ሮንዌን ዊሊያምስ 4 ምት አዳነባቸው። እንዲህ ያለው ጉዞ በአንድ ሌሊት አይመጣም።

ጸሐፊው የሚጠቅማቸውን አንድ ማስረጃ ግን ረስተውታል፤ እኔ ልስጣቸው። ይህ ቡድን ለ2025ቱ የሞሮኮ የአፍሪካ ዋንጫ አላለፈም። ግብፅና ቦትስዋና አልፈው እሱ ቀረ። ለ2017ቱና ለ2019ኙም አላለፈም ነበር። ታዲያ ምን አደረጉ? ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለውን ቡቢስታን አላባረሩም። በተመሳሳይ ዘመን የዋልያዎቹ ወንበር ከአብርሃም መብራቱ ወደ ውበቱ አባተ፣ ከዚያ ወደ ገብረመድህን ኃይሌ፣ ከዚያም ወደ መሳይ ተፈሪ ተላልፏል። ሁሉም አሰልጣኞች ከአቅማቸው በታች የሠሩ አይመስለኝም።

መሳቂያ ይሆናሉ የሚለው ትንቢት ስለሆነ በማስረጃ አይሞገትም። ምድባቸው ከባድ ነው፤ አትላንታ ላይ የአውሮፓ ሻምፒዮን ስፔን፣ ማያሚ ላይ ሁለት ጊዜ የዓለም ዋንጫ ያነሳችው ዑራጓይ፣ ሂውስተን ላይ ሳዑዲ ዓረቢያ። ሊሸነፉ ይችላሉ፤ በሰፊ ልዩነትም ሊሆን ይችላል። ግን ሰፊ ሽንፈት የደሴት ዕጣ አይደለም። ያችው ሳዑዲ በ2002 በጀርመን 8 ለ 0 ተሸንፋለች፤ ብራዚል በራሷ አገር 7 ለ 1 ተሸንፋለች፤ ከውድድሩ ይባረሩ ያለ የለም። አይስላንድ ከኬፕ ቨርዴ ያነሰ ሕዝብ ይዛ በ2018 ከአርጀንቲና ጋር 1 ለ 1 ወጥታለች፤ ግብ ጠባቂዋ የሜሲን ፍጹም ቅጣት ምት አድኗል። በ2006 ትሪኒዳድና ቶቤጎ ሁለተኛውን አጋማሽ በሙሉ በ10 ሰው ተጫውታ ስዊድንን 0 ለ 0 ይዛለች። የስዊድንን አጥቂ መስመር ከኢብራሂሞቪች ጋር የመራው ማን ነበር? ያው የኬፕ ቨርዴው ሰው ልጅ ላርሰን።

የቀረው ለእኛ የተሰጠው ምክር ነው። ከውጭ ልጆቻችንን እንጥራ ማለታቸውን አልቃወምም፤ በ2013 ዩሱፍ ሳላህ ከስዊድን መጥቶ ዋልያዎቹን ተቀላቅሏል፤ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ምክሩ ግን በሕጉ ላይ አንድ ቃል የለውም። በእኛ አቆጣጠር በ1996 የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንዲያጣ ያደርጋል። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው፣ ሰው ቢጫ ካርድ የሚለው መታወቂያ ያለ ቪዛ ለመግባትና ለመሥራት ይጠቅማል እንጂ ዜግነት አይደለም፤ ፊፋ ደግሞ የሚጠይቀው ዜግነት ነው። ኬፕ ቨርዴ ለፒኮ ሎፔስ መልእክት ስትልክ ልጁ የአየርላንድ ፓስፖርቱን ጣል አልተባለም። ከስቶክሆልም የሚጠራው የ20 ዓመት ልጅ ግን የስዊድን ፓስፖርቱንና ከእሱ ጋር የተያያዘውን የክለብ ሕይወቱን እንዲመርጥ እንጠይቀዋለን፤ ብዙዎቹ ምን እንደሚመርጡ ግልጽ ነው።

ሜዳው ደግሞ አለ። ፕራያ ላይ ያ አንድም ጎል ያልተቆጠረበት ስታዲየም በቻይና እርዳታ ተሠርቶ በ2014 የተከፈተ፣ 15 ሺህ ሰው የሚይዝ ነው፤ ግዙፍ የሚባል አይደለም። የእኛ ቡድን ካፍ የሚቀበለው ስታዲየም በማጣቱ የሜዳው የተባሉ ጨዋታዎችን ሞሮኮ ድረስ ሄዶ ሲያደርግ ቆይቷል። ጸሐፊው ቀጣዩን ጽሑፋቸውን ሲያዘጋጁ ከስም ዝርዝሩ በፊት እነዚህን ሁለቱን ይመልሱልን፦ ከስቶክሆልም የሚመጣው ልጅ የሚጫወተው በየትኛው ፓስፖርት፣ በየትኛው ሜዳ ነው?